በቀትር የተጠራ ነፋስ

ማነው ያፏጨው? ማነው ያልኩት! አንተ ነህ? አንተ ሙሽራ፣ አንተ ነህ አይደል? ሰብስባት ያቺን ከንፈር። ሠርግህ ላይ እንዳሻህ አፏጭተህ ይሆናል፤ እዚህ አውድማ ላይ አታፏጭም። «ነፋስ ልጥራ ብዬ ነው እቴቴ» ይለኛል ደግሞ። ሦስት ቀን ሙሉ ቅጠል አልተነቃነቀም፣ ጤፉ ተወቅቶ ተከምሯል፣ ከገለባው አልተለየም፤ እኔ አላየሁም? ዐይኔ ደከመ እንጂ አልታወርኩም። ይልቅ ና እዚህ አጠገቤ ተቀመጥ። እናንተም ጠጋ በሉ። ነፋስ የለ፣ ሥራ የለ፣ እንቅልፍም ቢሆን እንደማይወስዳችሁ አውቃለሁ፤ መሬቱ ይቆረቁራል።

ለአጨዳ ከሩቅ አገር የመጣችሁ ናችሁ፣ የእኛን አገር ነገር አታውቁም። ማታ እራት ላይ ደግሞ ሰምቻችኋለሁ። «ነገ ያንን የእህል ጉድጓድ እንከፍታለን፣ ለኩራዝ ጊዜ የለንም፣ አንዱ ዘሎ ገብቶ ይጠርገዋል» ስትባባሉ። ማን ነበር እንደሱ ያለው? አሁንም አንተ ነህ ሙሽራ? ወይ አንተ ልጅ! ሚስትህን ገና ሳትጠግባት!

እሺ ስሙኝ። አንድ ሰው ነበር።

ዱሮ ነው፣ በጣም ዱሮ። የመንደሩን ስም አልነግራችሁም፤ ብትሰሙት ምን ይረባችኋል? ሜዳ ላይ ያለ መንደር ነው፣ እንደዚሁ። አውድማው ከቤቶቹ ራቅ ብሎ ነው ያለው፣ በአንዲት ቀጭን መንገድ ብቻ ነው የሚደረስበት። ሰዓቱስ? ሌሊት ነው ብላችሁ ጠብቃችሁ ይሆናል። አይደለም። መናፍስት ሌሊት ብቻ የሚወጡ ይመስላችኋል? ቀትር ነበር። ጥላህ እግርህ ሥር የሚገባበት ሰዓት። ከብቱ ተኝቶ ያመሰኳል፣ ውሻ አይጮህም፣ መንገዱ ላይ አንድ ሰው አይታይም። ለእኔ ከሌሊት ቀትር ይብሳል። በሌሊትማ ሰው ይጠነቀቃል።

ሰውየው ቦጋለ ይባላል። ጎበዝ ገበሬ ነው፣ ክፉም ሰው አልነበረም። ግን ችኩል ነው። ሲጠምድ ይቸኩላል፣ ሲበላ ይቸኩላል፣ ቅዳሴው ሳያልቅ ጫማውን ፍለጋ ይወጣል። ሚስቱ አንዲት ሴት ልጅ ወልዳለት በዓመቷ ሞተች። ልጅቷን እያጠበች እያበጠረች ያሳደገቻት ሽብሬ ናት። ሽብሬ ማናት? የታናሽ ወንድሙ ሚስት ናት። ታናሽየው ይርጋ ይባላል። ይርጋ ወንድሙን በስሙ ጠርቶት አያውቅም። «ወንድም ጋሼ» ነው የሚለው። ይቺን ያዙልኝ።

የእህል ጉድጓድ ታውቃላችሁ አይደል? አፉ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ፣ እንደ ጋን። ጥልቀቱ ሁለት ሰው ተደራርቦ ቢቆምበት ነው። ግድግዳው በጭቃና በእበት ተለስኖ ልስልስ ያለ ነው፣ የጣት መያዣ እንኳ የለውም። አንዴ ከገባህ ያለ ገመድ አትወጣም። ደግሞ እህል ታፍኖ የከረመበት ጉድጓድ አየሩ ሰው ይገድላል። ስለዚህ ደንብ አለው። ድንጋዩ ይነሣና ጉድጓዱ አንድ ቀን ከአንድ ሌሊት ይተነፍሳል። ከዚያ ኩራዝ በክር ይወርዳል። ኩራዙ ከበራ ሰው ይገባል። ከጠፋ ማንም አይገባም። ውስጥ የወደቀው ልጅህ ቢሆንም አትገባም፤ ገብተህ ሁለት ትሆናላችሁ እንጂ አታወጣውም።

እሺ። ከዚያ ቀትር ሁለት ዓመት በፊት፣ የገበያ ቀን ነው፣ ረፍዷል። ቦጋለ ጉድጓዱን ከፈተ። «ግባና ሁለት ቁና አውጣልኝ» አለው ይርጋን።

«ኩራዙስ፣ ወንድም ጋሼ?»

«ኩራዝ ኩራዝ አትበለኝ፣ ገበያው ሊበተን ነው። ግባ!»

ታናሽ ነው፣ ምን ይላል? ገባ። ገመዱን ቦጋለ ይዞታል። ትንሽ ቆየ። ከዚያ ከታች፣ «ወንድም ጋሼ፣ ሳበኝ» አለ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያለው። ቦጋለ ሳበ። ገመዱ ባዶውን መጣ። ጠራው፣ ዝም። ደግሞ ጠራው፣ ዝም። እሪ ብሎ ሰው መጥራት ነበረበት አይደል? አንተ ብትሆን አትጮህም ሙሽራ? ትጮሃለህ። እሱ ግን ፈራ። «ያለ ኩራዝ አስገብቶ ገደለው» ሊሉኝ ነው ብሎ ፈራ። ገመዱን እዚያው ጥሎ፣ አህያውን እየነዳ ገበያ ወረደ። ገበያ ወረደ ነው የምላችሁ!

ማታ ሲመለስ ይርጋ ሞቶ ተገኝቶ መንደሩ በለቅሶ ተናውጧል። «እኔ ገበያ ነበርኩ» አለ። «ምናልባት ሽብሬ ጤፍ አውጣ ብላ ልካው ይሆናል» አለ። በማግስቱ «ምናልባት»ን ተዋት። በሳምንቱ «ይሆናል»ንም ተዋት። ሽብሬ ናት የላከችው ተባለ፣ በቃ። ባሏን ለሁለት ቁና ጤፍ የሸጠች ተባለች። ወፍጮ ቤት ስትሄድ ሴቶቹ ዞር ይላሉ። እሳት ስትለምን በሩ ይዘጋል። ቦጋለም ልጁን «እዚያ ቤት ደጃፍ እንዳትደርሺ» ብሎ ከለከላት። አምስት ዓመቷ ነው፤ እናቴ የምትላት እሷን ነው፤ ምን ሆና ነው ብላ ብትጠይቅ ማን ይነግራታል?

ይሄን ሁሉ በምን አወቅሽ አትበሉኝ። ትደርሱበታላችሁ።

ያንን ጉድጓድ ከዚያ ወዲያ ማንም አልነካውም። አፉን በእሾህ ከደኑት። ገመዱንም ፈልገው አጡት። ጅብ ወስዶት ይሆናል አሉ፤ የጠፍር ገመድ ስለሆነ።

አሁን ወደ ቀትሩ እንመለስ። ጥር ነው። ልጅቷ ሰባት ሞልቷታል። እንደ ዛሬው ነፋስ ጠፍቶ ሰው ሁሉ ሰማይ ሰማይ ያያል። በእኛ ደንብ ነፋስ በፉጨት ይጠራል፤ አዎ ይጠራል፣ ዋሽቼ አላውቅም። ጠዋት ወይ ጀምበር ስታዘቀዝቅ፣ ቀስ ብለህ ሦስቴ ታፏጭና ዝም ትላለህ። በጨለማ አይፏጭም፣ በቀትርማ ጭራሽ። ቀትር ሲሆን ሁሉም መንሹን ምርቱ ላይ ሰክቶ ወደ ቤቱ ይገባል። ለምን? በቀትር ብትጠራ ማን እንደሚሰማህ አታውቅማ።

ቦጋለ ግን አልገባም። በምዕራብ በኩል ደመና አየ። በጥር ደመና! ዝናብ ቢመጣ የዓመት ልፋቱ መበስበሱ ነው። ልጁ አጠገቡ ወፍ ታባርራለች። «አባባ፣ ሁሉም ሄዱ እኮ» አለችው። «ዝም በይ» አላት። ከዚያ አፏጨ። አንዴ። ሁለቴ። ሦስቴ።

ዝም አለ። ምንም የለም።

እና ከጀርባው፣ ከጉድጓዱ በኩል፣ አንድ ፉጨት መለሰለት።

ወፍ ነው አለ ለራሱ። ደግሞ አፏጨ፣ ደግሞ መለሰለት። ቀስ ያለ፣ ትንፋሽ ያጠረው ሰው የሚያፏጨው ዓይነት። ዞር ሲል ጉድጓዱ አፍ ላይ ትንሽ አውሎ ትዞራለች። ትንሿን አውሎማ ሁላችሁም ታውቋታላችሁ፤ በበጋ ገለባ አንሥታ ዞር ዞር ብላ የምትጠፋዋን፣ እናቶቻችሁ እንትፍ እንትፍ የሚሉባትን። ይቺ ግን አትጠፋም። እዚያው ቆማ ትዞራለች። እሾሁን ከጉድጓዱ አፍ ላይ ታነሣለች። አንዱን ታነሣና ወዲያ ታስቀምጣለች። ሌላውን ታነሣና ወዲያ ታስቀምጣለች። ሰው ነው እሾህ እንደዚያ የሚያነሣው። ነፋስ እንዲህ ያደርጋል? እስቲ ንገሩኝ፣ ያደርጋል?

ልጅቷ የአባቷን ቁምጣ ይዛ «አባባ፣ እንሂድ» አለች። ሄዱም። መንገዷን ይዘው መሮጥ ሲጀምሩ ነው ሰማዩ የጠቆረው። ቀና አሉ። ከደመናው ሥር እንደ ላም ጡት አንድ ነገር ተንጠልጥሏል። እየረዘመ መጣ፣ እየረዘመ መጣ፣ መሬቱን ነካ። መሬት ሲነካ ያሰማው ድምፅ፣ እናቴ! ሺህ በሬ ባንድ ጊዜ ሲያገሳ አስቡት። የሰው ጎጆ ጣራ እንደ ባርኔጣ አንሥቶ ወሰደ። ዋርካውን ከነሥሩ ነቀለ። በዚያ አገር እንዲህ ያለ ነገር ታይቶ አያውቅም። ስንት ዘመን የኖሩ ሽማግሌዎች ስም እንኳ አጡለት። ከዚያ ወዲህም አልታየም።

ቦጋለ ልጁን አቅፎ ወደ መንደር ሮጠ፤ አውሎው ዞሮ መንገዱ ላይ ቆመ። ወደ ወንዙ ሮጠ፤ ዞሮ ወንዙ ላይ ቆመ። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሮጠ፤ እዚያም ቀደመው። እንደ ከብት እየነዳ ወደ አውድማው መለሰው። መግቢያ አንድ ብቻ ቀረ። እሾሁ ሁሉ ተነሥቶለት፣ አፉን ከፍቶ ይጠብቀዋል።

ምን ያድርግ? ልጁ ደረቱ ላይ ናት። ዘሎ ገባ።

ገና እግሩ መሬት ሲነካ አንድ ትልቅ ነገር ላያቸው ላይ ዱብ አለ። የጎጆ ጣራ ነው፣ ከላዩም የገለባው ክምር ተጫነበት። ብርሃኑ ጠፋ። ጩኸቱም አብሮ ጠፋ። ጸጥ።

አስቡት እስቲ። እጅህን ብትዘረጋ ግድግዳ። በሌላው ብትዘረጋ ግድግዳ። የገዛ ዐይንህ ይከፈት ይከደን አታውቀውም። ቦጋለ ግድግዳውን በጥፍሩ ቧጠጠ። የሚይዘው አጣ። ግድግዳውን የለሰነው ማን ነው? ራሱ ነው። ባገር ምድር እንደ እሱ አሳምሮ የሚለስን አልነበረም። ጮኸ፣ «ኡኡ! የሰው ያለህ!» አለ። ድምፁ ጉድጓዱ ሆድ ውስጥ ቀረ። ልጅቷ መጀመሪያ አለቀሰች፣ ከዚያ ሳለች፣ ከዚያ «አባባ፣ አየሩ አነሰኝ» አለች። ከዚያ ማውራቱንም ተወችው። ትንፋሿን ብቻ ይሰማል። እየራቀ የሚሄድ ትንፋሽ።

ያን ጊዜ ነው ከላይ ፉጨት የሰማው።

ቀጥሎ ኮቴ ሰማ። ባዶ እግር ነው፣ ቀስ እያለ ጉድጓዱን ይዞራል። ቀጥሎ ገለባው ተንሿሿ። የእጅ ስፋት የምታህል ብርሃን ገባች፣ ሰፋች። በብርሃኗ ገመድ ወረደ። ቦጋለ ገመዱን ያዘና ዳሰሰው። የጠፍር ገመድ ነው፣ ጫፉ ላይ የራሱ ቋጠሮ አለበት። የዚያን ቀን ጥሎት የሄደው ገመድ ነው።

«ማነህ?» አለ።

ልጁን ወገቧ ላይ አሰራት። ገመዱ ሳባት። እንደ እንቁላል ተጠንቅቆ፣ ከግድግዳው ሳያጋጫት ነው የሳባት። ወጣች። አየር ስትስብ፣ ስታለቅስ ከታች ሰማት። እግዚአብሔር ይመስገን አለ።

ልጅቷ ስትወጣ ምን ያየች ይመስላችኋል? ሰው የለም። ጉድጓዱ አፍ ላይ ማንም የለም። ገመዱ አውድማውን አቋርጦ ሄዷል፤ ከዳር ደግሞ አቧራው እንደ ምሰሶ ቆሟል። እዚያው ቆሞ ይዞራል፣ አይሄድም። ገመዱ አቧራው ውስጥ ይገባል። ወገቧ ላይ ያለው ቋጠሮ ራሱ ተፈታ። ጫፉ ወደ ጉድጓዱ ተመልሶ ወረደ፣ ግን መሃል ላይ ቆመ። ቦጋለ ተንጠራርቶ የማይደርስበት ላይ።

«ሳበኝ!» አለ ቦጋለ።

ከአቧራው ውስጥ ድምፅ መጣ። «ወንድም ጋሼ።»

ቦጋለ ወደ ግድግዳው ሸሸ።

«ወንድም ጋሼ፣ ማን ነው ያስገባኝ?»

«ራስህ... ራስህ ነህ የገባኸው» አለ ቦጋለ። ገለባ ተናደበት፣ ብርሃኗ ጠበበች።

«ማን ነው ያስገባኝ?»

«ሽብሬ...» ብርሃኗ ጠፋች። ገለባው እስከ ጉልበቱ ሞላ። አሁን እሱም ትንፋሽ አጠረው፣ ደረቱ ጠበበው። ወንድሙ የዚያን ቀን ምን እንደተሰማው ያን ጊዜ ገባው። ቦጋለ አለቀሰ። ትልቅ ሰው እንደ ሕፃን ተንሰቅስቆ አለቀሰ።

«እኔ ነኝ!» አለ። «እኔ ነኝ ያስገባሁህ! ኩራዙን አንተ ብለኸኝ ነበር። ሳበኝ ስትለኝ ሰምቻለሁ። ጥዬህ ገበያ ሄድኩ። ሽብሬ አልነበረችበትም፣ ስሟን ያጠፋሁት እኔ ነኝ!»

«ለሰው ትናገራለህ?»

«እናገራለሁ! በአደባባይ እናገራለሁ! ባልናገር ልጄን ይንሣኝ!»

ልብ በሉ። ልጄን ይንሣኝ አለ። ልጅቷ ጉድጓዱ አፍ ላይ በሆዷ ተኝታ ትሰማለች። ሰባት ዓመቷ ነው፣ ግን መሐላ ምን እንደሆነ ታውቃለች። በማን ሕይወት እንደማለ ታውቃለች።

ገመዱ ወረደ። ቦጋለ ያዘው፣ ገመዱም ሳበው።

በዚህ መሃል መንደርተኛው ከየተሸሸገበት ወጥቶ ወደ አውድማው መጣ። ጣራ የሌለው ቤቱን ትቶ፣ «ቦጋለ እኮ አልገባም ነበር» ተባብሎ የመጣ ነው። ሽብሬም መጣች። ማንም አብራት አልሄደም፣ ለብቻዋ ሮጣ ነው የመጣችው፣ ልጅቷን ፍለጋ። ሰዎቹ ገመዱ ሲሳብ አዩ። አቧራ ነውና ዳር ያለውን አያዩም፤ እያንዳንዱ ሌላው የሚስብ መሰለው። «አይዞህ፣ ቦጋለ! በርታ!» ይላሉ።

ወጣ። እስከ ደረቱ ወጣ፣ በክርኑ የጉድጓዱን ከንፈር ተደገፈ። ፀሐይ ፊቱን መታው። ሽማግሌዎቹን አየ፣ ጎረቤቶቹን አየ፣ የክርስትና አባቱን አየ። መጨረሻ ላይ ሽብሬን አየ።

ሽብሬ ጠጋ አለች። ነጠላዋ ተቀዷል፣ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። «ቦጋለ፣ ከታች ሆነህ ስትጮህ የይርጋን ነገር ስታነሣ የሰማሁ መሰለኝ» አለችው። «ምን እያልክ ነበር?»

ልጅቷ አባቷን ታያለች። አንዲት ቃል ናት። ተናግሮ ይወጣል፣ በቃ፣ እንደ ሰው ይኖራል። ይርገሙት፣ ይምቱት፣ ምን ያደርጉታል? በሕይወት አለ፣ ልጁ አለችለት።

ቦጋለ ፀሐዩን አየ። ሰዎቹን ደግሞ አየ።

«ምንም» አለ። «ፈርቼ ቃዠሁ።»

ያን ጊዜ አቧራው ባንዴ ወደ መሬት ወረደ። አውድማው ጥርት አለ። አንዱ ሽማግሌ ወዲያና ወዲህ አዩና ጠየቁ፤ «ልጆች፣ ገመዱን ማን ነው የያዘው?»

ማንም አልያዘውም።

ገመዱ በሰው እግር መሃል እንደ እባብ ሹልክ ብሎ፣ ሰው ሁሉ እያየው፣ ጉድጓዱ ውስጥ ገባ። ቦጋለም አብሮት ገባ። ክርኑ ያረፈበት ቦታ ላይ የጥፍሩ ጭረት ብቻ ቀረ።

ሴቶቹ እሪ አሉ። ወንዶቹ ወደ ጉድጓዱ ሮጡ። ልጅቷ ግን ወደ ጉድጓዱ አላየችም። እግሯ ሥር ገለባ መዞር ጀምሯል። መጀመሪያ አንድ ሰበዝ፣ ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ ጭብጥ ሙሉ። ቁርጭምጭሚቷን ዞረ። ጉልበቷን ዞረ። ቀሚሷን አነሣው። እግሯ ከመሬት ሊለቅ ሲል ገባት። መሐላው ነው። ሊወስዳት መጥቷል።

«አባቴ ነው!» ብላ ጮኸች። «አባቴ ነው ያስገባው! ኩራዙስ አለው፣ እምቢ አለው! ሳበኝ ሲለው ሰምቶ ጥሎት ሄደ! እማዬ ሽብሬ አይደለችም፣ አባቴ ነው ያስገባው!»

ገለባው ወደቀ። እግሯ ሥር ቁጭ አለ፣ እንደማንኛውም ገለባ።

ኩራዝ አመጡ። በክር አወረዱት። ጠፋ። ሌላ አወረዱ፣ ጠፋ። ሽማግሌዎቹ «ማንም አይገባም» አሉ፣ ደንቡ ነዋ። ከታች አንድ ድምፅ መጣ። «ሳቡኝ» አለ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያለው። ሽብሬ ነጠላዋን ጥላ ልትገባ ሮጠች። ሽብሬ! በሕይወቷ የተጫወተባትን ሰው ልታወጣ! አራት ወንድ ይዞ አስቀራት። አንድ ቀን ከአንድ ሌሊት ጉድጓዱን ከበው ተቀመጡ፣ እስኪተነፍስ። በማግስቱ ኩራዙ በራ፣ ገብተው አወጡት። ከወንድሙ ጎን ቀበሩት። ገመዱን ግን አላገኙትም።

በሰልስቱ የመንደሩ ሴቶች ሁሉ እንሥራ እንሥራ ውኃ ተሸክመው ሽብሬ ደጅ ቆሙ። ይቅር በይን አሉ። በሩን ከፈተችላቸው። እኔ ብሆን አልከፍትም ነበር፤ እሷ ግን ከፈተች።

ምን አልክ ሙሽራ? ልጅቷስ? ልጅቷን ሽብሬ ወሰደቻት። አጥባ አበጥራ፣ አሳድጋ፣ ለወግ ለማዕረግ አበቃቻት። ልጅቷማ ይቺውና፣ ስትቆጣችሁ ያመሸችው። ምን ታፈጣላችሁ? ዱሮ ነው አልኳችሁ፤ ሞታለች መቼ አልኳችሁ?

አባቴን እወደው ነበር። እንዲህ ስላወራሁበት የጠላሁት አይምሰላችሁ። ደረቱ ላይ አቅፎኝ ነው ዘሎ የገባው፤ መጀመሪያ ያወጣውም እኔን ነው። አንዲት ቃል ናት ያቃተችው። ያቺን ቃል እኔ ይኸው ስልሳ ዓመት ሙሉ እልለታለሁ። በየዓመቱ፣ ምርት በተከመረበት አውድማ ሁሉ እናገራለሁ። አንድ ዓመት ታምሜ ቀርቼ ነበር። በቀትር ጎጆዬ ውስጥ ተኝቼ፣ በሩ ተዘግቶ፣ ወለሉ ላይ ገለባ ሲዞር አየሁ። ከዚያ ወዲህ ቀርቼ አላውቅም።

እና ነገ ጉድጓዱን ስትከፍቱ ኩራዙን ማን ነው የሚያወርደው? አንተ? እሰይ፣ የኔ ልጅ። ብቻህንም እንዳትወርድ። ገመዱን የሚይዝልህን ሰው ፊቱን አይተህ፣ ስሙን ጠርተህ ውረድ። አንተም ለሌላው ስትይዝ፣ እጅህ ቢስት እንኳ ስቻለሁ በል። እሪ በል።

ቆይ። ዝም በሉ እስቲ።

ይሰማችኋል? ገለባው ተንሿሿ። ነፋስ መጣ፣ አይደል? አይ፣ አትነሡ። መንሹን አትንኩት፣ ተቀመጡ አልኩ። ሙሽራ፣ እጄን ያዘኝ፣ ልቁም። እንዲህ። ጠበቅ አድርገህ ያዘኝ፣ እንዳትለቀኝ።

አባቴ ነው ያስገባው! ሰማህ፣ አጎቴ? አባቴ ነው ያስገባው! እማዬ ሽብሬ አይደለችም! ዘንድሮም ተናግሬያለሁ፣ በእነዚህ ሁሉ ሰዎች ፊት ተናግሬያለሁ!

...

በሉ። አሁን ነፋስ ብቻ ነው። ተነሡና አዝሩ።